ዜሮ ጀልባ

ሰው የሌለበት ባሕርና ሰዎች ለሐዘን ብለው የዘጉት ባሕር፣ ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ሊቀቡ ይገባል ትላላችሁ? «አዎ» የሚል ካለ ከእኔ ጋር ጊዜውን አያባክን። ዋና ከተማችን ሱቫ ሄዶ የዳርቻ መረጃ ማዕከል ሥራ ይጠይቅ፤ ደስ ብሏቸው ይቀጥሩታል።

ሜሬዋሌሲ እባላለሁ። በመንደራችን በናቶኮላ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ካርታ እወዳለሁ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ካርታ ያስፈራት አሮጊት ናት» ብለው እንዳያልፉኝ ነው። የባሕር ዳርቻ ካርታና መረጃ አዋጅ የጸደቀ ዕለት ሬዲዮኑን ከፍቼ ብቻዬን ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። አዋጁ የሚለው ግልጽ ነው፦ የአገሪቱ ዳርቻ በሙሉ ይለካ፤ ጥልቀቱ፣ ኮራሉ፣ የትኛው መንደር የት እንደሚያጠምድ ይመዝገብ፤ የተመዘገበውም ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ክፍት ይሁን። ጥሩ ሕግ ነው። የእኛን ዳርቻ የሚያሳየው አሮጌ ካርታ መንደራችንን ከተራራው ማዶ ነው ያስቀመጣት። በዚያ ካርታ የሚመራ የነፍስ አድን ጀልባ ቢመጣ ዛፍ ሊያድን ነው የሚሄደው።

አለቃችን ሜሊ፣ በማዕረጋቸው ራቱ ሜሊ፣ ግን አመነቱ። በረንዳቸው ላይ ከተነጠፈው ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር።

«መምህርት፣ ባሕራችንን ለሁሉም ካሳየነው በኋላ ማን ይጠብቅልናል?» አሉኝ።

«ራቱ፣ ካርታው ላይ ያልገባን ሰው ‹የለም› ነው የሚሉት።»

«እሺ፣ ይምጡ። አንቺ ግን ሲለኩ አጠገባቸው ቁሚ» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞቱ።

እኛ ጋ አለቃ ሲሞት ባሕሩም ያዝናል። ከቀብር መልስ ቃል አቀባያችን ኔማኒ በጀልባ ወጥቶ፣ «ጉልበት» የምንለው የኮራል አለት ጫፍ ላይ ግንድ ተከለና ቅጠል አሰረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመቶ ቀን ከጉልበት ወዲህ መረብ አይጣልም፣ ዛጎል አይለቀምም። የሌላ መንደር ጀልባ እንኳን በዚያ ካለፈ ሞተሩን አጥፍቶ እየቀዘፈ ነው የሚያልፈው። ከበሮ አይመታም፣ ስብሰባ አይጠራም። የራቱ እኅት ኬሌራ፣ በማዕረጋቸው አዲ ኬሌራ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ሳይቆርጡ ቤት ይቀመጣሉ።

ሐዘኑ የሚያበቃበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። በመቶኛው ቀን ሴቶች ከጉልበት ያወጡት የመጀመሪያ ዓሣ አዲ ኬሌራ ፊት ምንጣፍ ላይ ይቀርባል። ያን ጊዜ ጥቁሩ ይወልቃል፣ ባሕሩ ይከፈታል፣ አዲስ አለቃ ይሾማል። ዓሣው ከሌላ ውኃ ከመጣ አይሆንም። ከገበያ ከተገዛማ ሟቹን መስደብ ነው።

ከዳርቻ መረጃ ማዕከሉ መዝጋቢው የመጣው በአርባ አንደኛው ቀን ነው። ኤሮኒ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ድሮን በሻንጣ የተሸከመ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ልጅ። እንደ ወጉ ተወቅጦ የሚጠጣ የካቫ ሥር ይዞ ሐዘን ቤት ገባና አጎንብሶ ተቀመጠ። አገሩ የት እንደሆነ ሲናገር አዲ ኬሌራ ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የእሱ አገር ሰዎችና እኛ ከጥንት ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደልን ዘመዳሞች ነን፤ በሐዘን ቤት እንኳን አይከለከልም።

«እናንተ አገር ደግሞ ካርታ ምን ይሠራል? አንድ ኮረብታና ሁለት አሳማ ነው ያላችሁ» አሉት።

«ሦስት ነው አክስቴ። ሦስተኛውን ከእናንተ ስለሰረቅነው አላስመዘገብነውም።»

«ለዚህ ነዋ የከሳው! ሌባ ቤት ገብቶ ማን ይወፍራል?»

«ከእናንተ ጋ ሲመጣማ መቆም አቅቶት ተሸክመነው ነው የሄድነው።»

ኔማኒ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። ልጁን ወደድነው። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ የምከሰው እሱን አይደለም።

በማግሥቱ ባሕሩ ሲሸሽ ከእሱ ጋር ዳርቻው ላይ ቆምኩ። አጠገባቸው ቁሚ ተብዬ የለ? ድሮኑ ከጉልበት በላይ እየተሽከረከረ ሥዕል አነሳ። ሃያ ሁለት ጀልባዎቻችን በኮኮናት ቅጠል ተሸፍነው አሸዋው ላይ ተደርድረዋል። ኤሮኒ ታብሌቱን አወጣ።

«ባለፉት ሠላሳ ቀናት ከዚህ ዳርቻ ለማጥመድ የወጡ ጀልባዎች ስንት ናቸው?»

«ምንም።»

«በእግር ገብተው ያጠመዱ ሴቶች? ዛጎል የለቀሙስ?»

«ማንም።»

«መምህርት፣ ምክንያቱን ልጽፍ ብል ይሄ ነገር ቁጥር እንጂ ፊደል አይቀበልም» አለ ስክሪኑን እያሳየኝ። ከዚያ ወደ ጀልባዎቹ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በደህና ጊዜ የሚወጡትን ልሙላው? ሃያ ሁለት ብዬ ልለፈው። ማን ያጣራል?»

እኔ ምን አልኩት? ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆችን «ካርታ ላይ አይዋሽም» ብዬ ስቀጣ የኖርኩ ሴት ምን እላለሁ?

«ልጄ፣ የተጠየቅከው ባለፉት ሠላሳ ቀናት ነው። ዜሮ ጻፍ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስጠኝ፣ እኔው እጽፋለሁ።»

ጻፍኩት። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ከሥር የመንደር ምስክር የሚል ሳጥን ነበር፤ አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። እውነት በመናገሬም ኮራሁ። ይህን ኩራቴን እስከ ዛሬ አልተፋሁትም፤ ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው።

ኤሮኒ ግን ከቦርሳው ሰማያዊ ልባስ ያለው ማስታወሻ ደብተር አወጣና «እሺ ንገሪኝ፣ እዚህ እጽፈዋለሁ» አለ። ቃል በቃል እንዲህ አጻፍኩት፦ «ይህ ባሕር ባዶ አይደለም። ለራቱ ሜሊ ሐዘን ተዘግቷል። በመቶኛው ቀን ይከፈታል። ሃያ ሁለት ጀልባና ስልሳ ያህል ሴቶች ያጠምዱበታል።» ከሥሩ ፈረምኩ። እሱም ፈረመ። ቀኑን ጻፍን። ሲሄድ አዲ ኬሌራ «አሳማውን ሰላም በልልን» አሉት።

በሰባ ሦስተኛው ቀን ካርታው ወጣ። ለማንም ክፍት ነው፤ እኔም በስልኬ ከፈትኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውብ ነው። መንደራችን በቦታዋ አለች። ጉልበት ከነመታጠፊያው፣ ከነስንጥቁ፣ ኦክቶፐስ ከሚደበቅበት ጉድጓድ ጋር ሳይቀር ተስሏል። ከጉልበት እስከ አሸዋችን ያለው ውኃ ግን በቢጫ ተቀብቷል። ቢጫ ምን እንደሆነ ከካርታው ግርጌ ፈለግሁ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ይላል።

አዋጁን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። ያጨበጨብኩለትን አዋጅ። ጥቅም ላይ ያልዋለ ዳርቻ ለአሸዋ ማውጫ ሊሰጥ ይችላል፤ ተቃውሞ ያለው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ያቅርብ፤ ተቃውሞውም በባሕሩ ባለቤቶች አለቃ ይፈረም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ነበር። አንብቤው ነበር። ያን ጊዜ ግን አለቃ ነበረን።

ወደ ኔማኒ ሮጥኩ። አጥሩ ሥር ካሳቫ እየላጠ ነበር፤ ያለ ዓሣ ሰባ ሦስት ቀን ከርመን ሁላችንም የቆርቆሮ ዓሣ ሰልችቶናል።

«ዛሬውኑ ሰው ሰብስብ። ተቃውሞ እንጽፋለን።»

«ሜሬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። በምን ልሰብስብ? ከበሮው ታስሯል።»

«ቤት ለቤት ሂድ!»

«ሄድኩ እንበል። ተሰበሰቡ እንበል። በማን ስም ይፈረማል? ወንበሩ ባዶ ነው። እኔ የአለቃ አፍ ነኝ፤ አለቃ ከሌለ አፍ ብቻውን ምን ይናገራል?»

«ስለዚህ ቁጭ ብለን እንይ?»

«እኔን ለምን ትጮኺብኛለሽ?» አለ፤ ቢላውን አስቀመጠው። «ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

ቤቴ ሄጄ ተቃውሞውን በራሴ ስም ጻፍኩ፤ አምስት ገጽ፣ አንቀጽ በአንቀጽ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው። «ግለሰብ አቤቱታ የማቅረብ መብት የለውም። በመረጃ ቋቱ መሠረት በአካባቢው ተጠቃሚ የለም።»

ለኤሮኒ ደወልኩለት። ወደ ሌላ ደሴት ተዛውሯል።

«ደብተሩስ?» አልኩት።

«አስረክቤያለሁ መምህርት። የተረከበኝ ሰው ፈርሞልኛል። ‹ደብተር ለታሪክ ክፍል ነው፣ መረጃ ቋቱ የሚያውቀው ቅጹን ብቻ ነው› አሉኝ።» ቀጥሎም «ሃያ ሁለት ልጻፍ ብዬሽ ነበር» አለ። ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ለማልቀስ ዳር ዳር ይል ነበር። ዘጋሁበት።

አሁን ስለ ማዕከሉ ዳይሬክተር ልናገር። ዳይሬክተሩ ከውጭ አገር የመጣ ሰው አይደለም። የአለቃ ቤት ልጅ ነው። ወጉን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነው። ይህን አትርሱ፤ የንዴቴ ሥር እዚህ ነውና።

በሰማንያ አንደኛው ቀን አዲ ኬሌራ አስጠሩኝ። አጠገባቸው የዓሣ ነባሪ ጥርስ ከነገመዱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ቢጫነቱ ወደ ቡኒ የሄደ፣ የአያቶቻቸው ጥርስ። ይህን ጥርስ ሰው እጅ ላይ አስቀምጠህ ከለመንከው ሁለት ምርጫ አለው፦ አልቀበልም ብሎ ይመልሳል፤ ወይም ተቀብሎ የለመንከውን ይፈጽማል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

«ሱቫ እሄዳለሁ» አሉ።

«አዲ፣ ሐዘን ላይ ነዎት! ከደጅ አይወጡም እኮ!»

«ወንድሜ ይቅር ይለኛል። ባሕሩን ካጣን ግን እሱን የምሸኝበት ነገር የለኝም። ያለ ዓሣ ይህ ልብስ አይወልቅም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ጫማሽን አድርጊ። ዜሮሽን ተከትለሽ ትመጫለሽ።»

ሱቫ ገባን። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ያልተቆረጠ ጸጉር፣ ጥቁር ልብስ፣ በአዲስ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ። ዳይሬክተሩ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ይህን አልክድም፤ በአክብሮት ነው የተቀበለን። አዲ ኬሌራ ጥርሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተናገሩ። አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ የወንድሜ ባሕር በሐዘን ላይ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። አስተማሪዋ ያጻፈችው ደብተር እናንተ ጋ አለ። ደብተሩን ክፈትና አንብብ። እስከ መቶኛው ቀን አሸዋ የምታወጣ መርከብ አትላክብን።»

ዳይሬክተሩ ጥርሱን ተቀበለ። በሁለት እጁ። የመቀበያውን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳት አለ። አጠገቡ የነበሩት ሠራተኞች በወጉ አጨበጨቡ። አዲ ኬሌራ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። ወደ ወደቡ ስንወርድ ክንዴን ይዘው «አለቀ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ያን ዕለት መርከብ ላይ ሁለታችንም እንቅልፍ ወሰደን።

በዘጠና ሦስተኛው ቀን አሸዋ አውጪዋ መርከብ መጣች።

ሞተሯን አላጠፋችም። ኔማኒ የተከለውን ግንድ በጎን አልፋ ከጉልበት ወዲህ ቆመችና ቱቦዋን አወረደች። የባሕሩን ወለል መጠጠች። ጭቃውን በሌላ ቱቦ መልሳ ተፋችው። ሰዎቻችን ዳርቻው ላይ ቆሙ፤ መጮህ ስለማይፈቀድ ማንም አልጮኸም። መቶ ሃያ ያህል ሰው ዝም ብሎ መርከብ ሲያይ አስቡት። ኔማኒ በጀልባ ሄዶ ካፒቴኑን አናገረው። ካፒቴኑ ሰው አክባሪ ነበር፤ ወረቀቱን አሳየው። በወረቀቱ ላይ የእኔ አውራ ጣት አለ።

የማዕከሉን ስልክ ቀኑን ሙሉ ደወልኩ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አንስታ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ ፎቶ አየሁ። የአያቶቻችን ጥርስ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ከዳርቻ ነዋሪዎች የተበረከተ ባህላዊ ስጦታ» ተብሎ ተጽፏል።

ስጦታ! የጥርሱን ትርጉም አያውቅም እንዳይባል፣ የመቀበያውን ቃል ሳይሳሳት ያለ ሰው ነው።

መቶኛው ቀን ደረሰ። መርከቧ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ሆዷን ሞልታ ሄዳ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ መረቡን ይዘው ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ከዚህ በፊት በዚያ ውኃ ውስጥ ጥፍሬን እቆጥር ነበር። አሁን ከጉልበቴ በታች ያለው እግሬ አይታየኝም። ኮራሉ ላይ ሊጥ የመሰለ ግራጫ ነገር ተጋግሯል። ቀለበት ሠርተን መረቡን ጠበብ እያደረግን ሳብን። ከባድ ነበርና አንዷ ልጅ «ሞልቷል!» አለች። ሲወጣ ጭቃ ነው። በጭቃው ውስጥ የእጅ መዳፍ የማያክሉ ሦስት ዓሦች ነበሩ፤ ሁለቱ ከሞቱ ቆይተዋል።

እንደ ወጉ ታጥበው በቅጠል ተደርገው ወደ አዲ ኬሌራ ቀረቡ። ኔማኒ የማቅረቢያውን ቃል ጀምሮ መሃል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ቤቱ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ጸጉራቸው የሚቆረጥበት መቀስ አለ፤ ነጭ ልብሳቸው ተጣጥፎ አጠገባቸው ተቀምጧል።

አዲ ኬሌራ ዓሦቹን ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ይህንን ለወንድሜ አላቀርብም» አሉ። «መልሱት።»

«አዲ፣ ሌላ የለም እኮ» አለ ኔማኒ በሹክሹክታ።

«እንግዲያው ሐዘኑ አላለቀም።»

ልብሱን ራሳቸው አንስተው ሣጥን ውስጥ አስገቡና ክዳኑን ዘጉት።

ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛ ቀናቸው ነው። ጥቁር ልብሳቸው ጉልበቱ ላይ ነጥቷል። ግንዱ ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ቅጠሉ ረግፏል፤ ሐዘኑ ሳያልቅ ሊነቅለው የሚችል ሰው የለም። አለቃ አልተሾመም። ሁለት ጥንዶች ሠርጋቸውን እየጠበቁ ነው፤ አንዱ ጥንድ መጠበቅ ሰልችቶት ወደ ከተማ ሄደ። ጀልባዎቹ ከነቅጠላቸው አሸዋው ላይ ናቸው። እኔን መንደሩ ውስጥ የሚወቅሰኝ የለም፤ እንዲያውም ሲያዩኝ ይበልጥ ይለሰልሱልኛል። ያ ነው የሚገድለኝ። ራቱ ሜሊ አጠገባቸው ቁሚ አሉኝ፤ ቆምኩ፤ ቆሜም ባሕሩን አስረከብኩ።

ባለፈው ሰኞ ከማዕከሉ ደብዳቤ ደረሰኝ። አዋጁ መረጃው በየጊዜው እንዲታደስ ያዛል፤ ስለዚህ አዲስ ቅጽ ልከዋል። «ባለፉት ሠላሳ ቀናት ከዚህ ዳርቻ ለማጥመድ የወጡ ጀልባዎች ስንት ናቸው?» ፊደል የሚጻፍበት ቦታ አሁንም የለም።

ቅጹን አልሞላሁም። በምትኩ ይህን ጽፌያለሁ፤ የእኔ ነገር ለማንም ክፍት ነው፤ ማንም ያንብበው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ደብተሩ በእጅዎ ነው፤ ልባሱ ሰማያዊ ነው፤ የተረከበው ሰው ፈርሟል። ጥርሱም በእጅዎ ነው፤ በሁለት እጅዎ ሲቀበሉ አጠገብዎ ነበርኩ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ አልፈልግም፤ በስልክም አያናግሩኝ። አዲ ኬሌራ ሬዲዮ ይሰማሉ፤ አገሩም ይሰማል። ወይ ደብተሩን ከፍተው በሬዲዮ ያንብቡልን፤ ወይ ጥርሱን ከመስታወቱ አውጥተው፣ ናቶኮላ መጥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ ለእርሳቸው በእጃቸው ይመልሱ። የተቀበሉትን ምን አደረጉት? በአደባባይ ይመልሱ።